ለጥያቄ የሚፈለገው ማን ነው?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አጎቴ ቤት ነን። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ በኢሚግሬሽን ችሎት አስተርጓሚ ነኝ። ሁለታችንም ዜግነት ወስደናል፣ ሁለታችንም እንመርጣለን፤ ስደተኞችን በማባረሩ ጉዳይ ግን ተስማምተን አናውቅም። ያወራነውን እንዳለ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አጎቴ የሚጠሯት 1970 ብቻ የራሳችን ናት።

አጎቴ፦ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዛሬም እንዳትቆጪኝ። አገር በር ያለው ቤት ነው። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ የማያውቅ ሰው የቤቱ ባለቤት አይባልም። እኔ በመተማ በኩል ወጥቼ ገዳሪፍ ላይ አራት ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። ቃለ መጠይቅ፣ የጤና ምርመራ፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ። ያስገባኝ በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ነው። በሕግ የገባሁ ሰው ሕግ ሲከበር ለምን ይከፋኛል?

እኔ፦ በሩ ይነቀል አላልኩም ጋሼ። መንግሥት ድንበሩን ይጠብቅ፤ ሕጉ የማይፈቅድለትንም ይመልስ። እኔ የምጠይቀው ስለ በር ጠባቂው ነው። በር ጠባቂው ሲያጠፋ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

አጎቴ፦ ለፍርድ ቤት ነዋ! አንቺ ራስሽ የምትሠሪው የት ነው?

እኔ፦ እሱን ልንገርዎት። ካባ የለበሰ ዳኛ አለ፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ሰው ቆሞ ይምላል። ዳኛው ግን የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው፤ የሚሾመውም የሚያሰናብተውም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ይባረር ብሎ የሚከራከረው ጠበቃ ደግሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው። ሁለቱም የሚያድሩት ለአንድ ፕሬዚዳንት ነው። በ2025 ብዙ ዳኞች ከወንበራቸው ተነሥተዋል፤ የቀሩት ይህን እያወቁ ይፈርዳሉ።

በቀደም አንዲት ሴት ከእስር ቤት በስክሪን ቀረበች። ዳኛው፣ «ጠበቃ የማቆም መብት አለዎት፤ ወጪውን ግን መንግሥት አይከፍልም» አለ፤ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ያኛውስ ሰውዬ?» አለች። የመንግሥቱን ጠበቃ ማለቷ ነው። «እሱ የመንግሥት ጠበቃ ነው» ተባለች። «ታዲያ ለእኔ ማን ይጠይቅልኛል?» አለች። አስተርጓሚ ከራሱ ቃል አይጨምርም፤ ያለችውን አድርሼ ዝም አልኩ። ዳኛውም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ተናገረ።

አጎቴ፦ ያሳዝናል፤ አላሳዘነኝም አልልም። ግን ሕጉን ያወጡት ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው። ሕዝቡም በ2024 ምን እንደሚመጣ ተነግሮት ነው የመረጠው። ፍሬድሪክን ውሰጂ፤ በመኪና ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። የዚያ ካውንቲ ሸሪፍ ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የኢሚግሬሽን ሥራ ሠርቷል። ሕዝቡ ይህን እያወቀ ደጋግሞ መርጦታል። ዴሞክራሲ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

እኔ፦ የመረጠው ሌላ፣ በሩ የሚንኳኳበት ሌላ ነው። ለኢትዮጵያውያን በ2022 የተሰጠውን ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስን፣ ያስታውሱ። ሰዎቹ በጦርነቱ ምክንያት ከለላ ተሰጣቸው፤ ስማቸውን አስመዘገቡ፣ አሻራ ሰጡ፣ ታክስ ከፈሉ። በዲሴምበር 2025 ከለላው ያበቃል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። እርስዎ በሚሉት ተራ ላይ በሥርዓቱ ቆመው የነበሩ ናቸው፤ ከእግራቸው ሥር የሄደው ተራው ነው። ለማንም ድምፅ አልሰጡም፣ ማንንም ከሥልጣን ማውረድ አይችሉም። ስለዚህ ምርጫ ብቻውን አይበቃቸውም። በምርጫና በምርጫ መካከል፣ ሥልጣን የያዘውን ሰው «ለምን?» ብሎ የሚያስቆም ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ፍሬድሪክን ካነሡ ደግሞ የሳንድዊቿን ሴት ላንሣልዎት። በዚያው በ2008፣ በኦክቶበር፣ ከሥራ ቦታዋ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ምሳዋን ትበላ ነበር። ሁለት የሸሪፉ ፖሊሶች መጡ። ወንጀል አልሠራችም። ስሟን በሬዲዮ አስጠየቁ፤ የኢሚግሬሽን ማዘዣ ተገኘባትና ያዟት። ከሰሰች። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2013 ፈረደላት፦ የፌዴራል መንግሥት ሳያዝዘው ወይም ሳይፈቅድለት፣ የአካባቢ ፖሊስ ሰውን በኢሚግሬሽን ጥሰት ብቻ መያዝ አይችልም፤ የእሷም መያዝ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው አለ። ወረቀት አልነበራትም ጋሼ፣ ድምፅም የላትም። ግን ጠየቀች፣ ካውንቲውም ቆሞ መለሰ።

አጎቴ፦ ይኸው! ሥርዓቱ ይሠራል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

እኔ፦ የሠራላት የያዟት ሰዎች የካውንቲ ፖሊሶች ስለሆኑ ነው። የስቴት ወይም የካውንቲ ባለሥልጣን መብት ሲጥስ በግሉ የሚከሰስበት ሕግ ከ1871 ጀምሮ አለ፤ ከባርነት ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ለመጠበቅ የወጣ ነው። ለፌዴራል ወኪል ግን ኮንግረስ እንዲህ ያለ ሕግ አላወጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በራሱ ውሳኔ አንድ በር ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እያጠበበው መጥቶ በ2022 በአንድ የድንበር ጠባቂ ጉዳይ ሊዘጋው ትንሽ ቀረው። ያቺው ሴት ዛሬ በፌዴራል ወኪል ብትያዝ መንግሥትን ራሱን የምትከስበት አንድ ጠባብ መንገድ አላት። ያንን የያዛትን ሰው ግን ፊት ለፊት ቆማ «ተጠየቅ» ልትለው አትችልም ማለት ይቀላል።

አጎቴ፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

እኔ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ተረት ነው። ድንበር አቋርጦ ተከትሎን እንዳይመጣ።

አጎቴ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወኪሎቹም የሰው ልጆች ናቸው። ልጆች አሏቸው። ፎቷቸው ተለጥፎ፣ አድራሻቸው ወጥቶ የዛተባቸው አለ። ፊታቸውን የሚሸፍኑት ወደው ይመስልሻል?

እኔ፦ ፍርሃታቸውን አላቃልልም፤ በማንም ሰው ቤተሰብ ላይ መዛት ወንጀል ነው፣ የዛተው ይከሰስ። ግን በዳኛም ይዛታል፤ ስሙ ግን በሩ ላይ ተጽፏል። እርስዎን በታክሲ ዘመንዎ ስንት ጊዜ ፖሊስ አስቁሞዎታል? ስሙ ደረቱ ላይ አልነበረም? የኢሚግሬሽን መኮንኖች የራሳቸው ደንብ እንኳ፣ ሰው ሲይዙ ለደኅንነት አመቺ እንደሆነ ወዲያው ማንነታቸውንና የያዙበትን ምክንያት እንዲናገሩ ያዝዛል። ጭምብል ያጠለቀ፣ ስም የሌለው፣ ታርጋው የማይታወቅ መኪና የሚነዳ ሰው ቢያጠፋ አቤቱታው ላይ የማን ስም ይጻፋል? ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2025 ጭምብሉን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ የፌዴራሉ መንግሥት ፍርድ ቤት ከሰሳት። እስቲ ይቺን ወረቀት ይዩልኝ።

(ከቦርሳዬ ባዶ ቅጽ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ።)

አጎቴ፦ ከላይ «ዋራንት» ይላል፤ ማዘዣ።

እኔ፦ ከታችስ? የሚፈርመው ማን ነው?

አጎቴ፦ … «የኢሚግሬሽን መኮንን» ነው የሚለው። ዳኛ የሚል የለበትም።

እኔ፦ የለበትም። ያዡ መሥሪያ ቤት ለራሱ የጻፈው ፈቃድ ነው። መንገድ ላይ ለመያዝ ይበቃል ይባላል፤ የሰው ቤት ገብቶ ለመያዝ ግን የዳኛ ፊርማ ያስፈልጋል ሲባል ነው የኖረው። ያለ ዳኛ ፊርማ ገብተው ማስረጃ ቢያገኙስ? በወንጀል ችሎት እንዲህ ያለ ማስረጃ ይጣላል። በማባረሪያ ችሎት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1984 ጀምሮ፣ በአብዛኛው አይጣልም ብሏል። ጥፋቱ ጥፋት ሆኖ ሳለ ውጤቱ ይጸናል ማለት ነው።

አጎቴ፦ (ወረቀቱን አጣጠፉት።) አያቴ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ድሮ ሰው ሰውን ሲከስ ነጠላና ነጠላቸው ይቋጠር ነበር። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ጌታም ቢሆን ይቆማል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ እንደተቋጠሩ፣ እየተያዩ፣ ዳኛ እስኪያገኙ አብረው ይሄዳሉ። ችሎት ሲቆሙ «ተጠየቅ» ይባባላሉ። አንዱ ብቻ ጠያቂ፣ አንዱ ብቻ ተጠያቂ አልነበረም።

እኔ፦ ያሰረውም አብሮ ይታሰር ነበር ማለት ነው።

አጎቴ፦ በቋጠሮው ልክ፣ አዎ። ያሰርሺውን ሰው ትተሽው መሄድ አትችይም፤ ነጠላሽ ከእሱ ጋር ነው። ግን አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር አታሞግሺው፤ አፈርሳታም ነበረን። ከብት ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ፣ አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ መመለስ የለም። ያልሰረቀውም እንደ ሰረቀው ይውላል፣ ያድራል።

እኔ፦ ሎስ አንጀለስ የተደረገውን በአንድ ቃል ነገሩኝ። እዚያ አንዲት የፌዴራል ዳኛ፣ ሰውን በመልኩ፣ በሚናገረው ቋንቋ ወይም በቅላጼው፣ በቆመበት ቦታና በሥራው ዓይነት ብቻ እንዳታስቆሙ ብላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2025 ትእዛዟን አገደ። አብላጫው ምክንያቱን አልጻፈም፤ አንድ ዳኛ ብቻ የራሱን ሐሳብ ጻፈ፣ ሦስቱ ተቃወሙ። ቅላጼ ሲሉ የእርስዎንም ቅላጼ ነው ጋሼ። አርባ ዓመት ዜጋ ሆነው ኖረው፣ ነዳጅ ማደያ ቆመው በስልክ አማርኛ ሲያወሩ ቢሰማ፣ ሜዳው ላይ ከተሰበሰበው የአገር ሰው አንዱ እርስዎ ነዎት።

አጎቴ፦ እንግዲህ ምክር ቤት አለ። እነሱ ይጠይቁ። ገንዘቡን የሚሰጡት እነሱ አይደሉም?

እኔ፦ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ኮንግረስ አንድን መሥሪያ ቤት መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው በየዓመቱ በጀት ሲሰጠው ነው፤ ገንዘብ የፈለገ ይቀርባል፣ ይጠየቃል። የሚያባርረው መሥሪያ ቤት፣ አይስ፣ በ2003 ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት በጀቱ በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ለብዙ ዓመት የሚሆን ወደ 75 ቢሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ሰጠው፤ 45 ቢሊዮኑ ለእስር ቤት ነው። ደመወዙን አስቀድሞ የተቀበለ ሠራተኛ ነገ ቢጠሩት ይመጣል? ከዚያ በፊት፣ በማርች 2025፣ በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴሩ ውስጥ አቤቱታ የሚቀበለው የሲቪል መብቶች ቢሮና የእስረኞቹ እንባ ጠባቂ ሠራተኞቻቸውን አጡ። ገንዘቡ እንዲህ ሲያድግ ጆሮው ተቆረጠ።

አጎቴ፦ የምክር ቤት አባል ሄዶ እስር ቤቱን ማየት አይችልም?

እኔ፦ ሕጉ ይችላል ይላል። ለዓመታት የበጀት ሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ የኮንግረስ አባል የስደተኞች ማቆያ ለመቆጣጠር ሲመጣ፣ ለመከልከል ከዚህ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይወጣም ይላል፤ አስቀድሞ ማሳወቅም አይጠበቅበትም። በ2025 ግን ሰባት ቀን አስቀድማችሁ አሳውቁ ተባሉ። ጆ ነጉስን ያውቁታል?

አጎቴ፦ የኮሎራዶው? እናትና አባቱ ከኤርትራ የመጡት? እንዴት አላውቀውም፤ እንደ ልጄ ነው የምኮራበት።

እኔ፦ እሱና ሌሎች ዐሥራ አንድ የምክር ቤት አባላት በጁላይ 2025 ከሰሱ። ክሱ በስሙ ነው የሚጠራው። በዲሴምበር ጉዳዩን የያዘችው ዳኛ የሰባት ቀኑን መመሪያ አገደችው። በጃንዋሪ 2026 ሚኒስቴሩ ያንኑ መመሪያ መልሶ አወጣው፤ የምንሠራበት ገንዘብ ያ አንቀጽ ካለበት በጀት ሳይሆን ከጁላዩ ሕግ ነው አለ። አዩት ጋሼ? አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ የጥያቄውን በር መዝጊያ እንዲሆን ተፈለገ። ሰባት ቀን ደግሞ ብዙ ነው። ወለሉ ይታጠባል፣ የተጨናነቀው ክፍል ይቀላል፣ የሚናገረው እስረኛ ቴክሳስ ይላካል። እንግዳ ይመጣል የተባለበት ቤት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

አጎቴ፦ (ቡናውን ቀዱ።) እሺ። ሌላው አገርስ? እኛን ከዚህ የባሰ ያደረገን አገር የለም? ሳዑዲን ረሳሻት?

እኔ፦ አልረሳኋትም። በኖቬምበር 2013 ጀምረው በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ጭነው ላኩ። የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ሰዎች ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወራት ሰጥተዋል፤ ቀኑ ሲደርስ አስከበሩ። በሕግ በኩል ከሄድን የሚጎድለው ትንሽ ነው። ግን ሪያድ ውስጥ መንፉሓ በምትባለው ሰፈር ሰው ሲደበደብና ሲሞት ማን ተጠየቀ? አማካሪ ምክር ቤቱ በንጉሡ የተሾመ ነው። እኛ እዚህ ኤምባሲያቸው ደጅ ቆመን ጮኸን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ሕጋዊነትና ተጠያቂነት አንድ እንዳልሆኑ ገብቶኛል። ሕጋዊ ሆኖ ለማንም የማይመልስ ሥልጣን አለ። አሜሪካንን ከሳዑዲ የሚለያት የምታባርረው ሰው ማነሱ ወይም መብዛቱ አይደለም፤ ሰው «ለምን?» ሲል ግዴታ ሆኖበት የሚመልስ መኖሩ ነው። እሱ ከሄደ ልዩነቱ አብሮ ይሄዳል።

(አጎቴ ዝም አሉ። ስኒውን ሳይጠጡ አስቀመጡት።)

አጎቴ፦ ወንድሜ የተወሰደ ለታ እቤት ነበርኩ። 1970። ሦስት ናቸው። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉት። ጃኬቱን እንኳ አልለበሰም፤ ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል ብለን። እናቴ «የት ነው የምትወስዱት?» አለች። አልመለሱላትም። ያን ጊዜ የሚጠይቅ አንድ ወገን ብቻ ነበር። እናቴ እስክትሞት ያቺን አንድ ጥያቄ ይዛ ኖረች።

እኔ፦ ጋሼ፣ እኔ ያንን ከዚህ ጋር አላመሳስልም።

አጎቴ፦ እንዳታመሳስዪው! አንድ አይደለም። እዚህ ጋዜጣ ይጽፋል፣ ዳኛ ያግዳል፣ ያ የሐበሻ ልጅ መንግሥትን በስሙ ከስሶ ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። በእኛ ጊዜ የከሰሰ አያድርም ነበር። እኔ ለዚህ አገር የማደርገው ጸሎት ለዚህ ነው። … ግን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

እኔ፦ ምን?

አጎቴ፦ ያለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ታች ፓርኪንጉ ውስጥ ሰው ወሰዱ። መኪናዬን በረዶ እየጠረግሁ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የቀለም ሠራተኛ ነው፤ መሰላሉን መኪናው ላይ እያሰረ ነበር። ሁለት ጥቁር መኪና፣ አምስት ሰው፣ ፊታቸው የተሸፈነ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆኑ አላየሁም። ሰውዬው ወደ እኔ አየ። ሰላምታ እንኳ በወጉ ተለዋውጠን አናውቅም፤ ግን አየኝ። እኔ … መስታወቱን መጥረግ ቀጠልኩ። ፓስፖርት ያለኝ፣ ድምፅ የምሰጥ፣ ሰባ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። «እናንተ እነማን ናችሁ?» ለማለት አፌ አልተከፈተም። መሰላሉ እስከ ማታ ግማሹ ታስሮ፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ ቆየ።

እኔ፦ ፈርተው ነው። የሚያስፈራ ነገር ነው።

አጎቴ፦ መፍራቱን ፈራሁ። ግን እናቴ ፈርታ ጠይቃለች። ሰውዬው ይባረር አይባረር አላውቅም፤ ምናልባት ሕጉ መባረር አለበት ይል ይሆናል። እኔም በር ይኖር ባይ እንደሆንኩ አለሁ። ማን እንደወሰደው ግን ማወቅ አለብኝ። በእኔ ስም፣ በእኔ ታክስ ነው የተወሰደው። መልስ ሳልጠይቅ ድምፅ ብቻ ብሰጥ፣ ቁልፍ ሰጥቼ ቤቱን ረሳሁት ማለት ነው።

እኔ፦ አሁንም አልረፈደም እኮ።

አጎቴ፦ ላፕቶፕሽን ይዘሻል? በይ አውጪው። ለኮንግረስ እንደራሴያችን ነው፤ በእንግሊዝኛ አድርጊው፣ ግን እኔ እንዳልኩት ይሁን፣ አታሳምሪው። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም ብለሻል።

እኔ፦ አልጨምርም። ይበሉ።

አጎቴ፦ ቀኑን ጻፊ። ሰዓቱን ጻፊ። ሁለት ጥቁር መኪና፣ አምስት ሰው፣ ስማቸው ያልታወቀ። ከዚያ እንዲህ በዪ፦ የወሰዱት እነማን ናቸው? ማዘዣ ነበራቸው ወይ? ከነበራቸው የፈረመው ዳኛ ነው ወይስ የራሳቸው ሰው? ሰውዬው አሁን የት ነው ያለው? ቤተሰቡ ያውቃል ወይ? እርስዎ ማቆያውን ሄደው አይተዋል ወይ?

እኔ፦ ጽፌዋለሁ። በምን ልጨርሰው?

አጎቴ፦ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፊ። አድራሻዬንም። ከሥሩ፣ መራጭ ነኝ፣ መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ በዪ።